የብር ሽቦና ኤምቢኤ

«ጋሼ፣ በታሪክ ተመርቄ ባንክ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ 2 ዓመት ሆነኝ። ያደግኩት ፒያሳ፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ አርመኖችን ታሪክ፣ ሥዕልና የእጅ ሙያ መማር እፈልጋለሁ። እናቴ ‹የማታ ኤምቢኤ ጀምሪ፤ ያለቀ ሰው ታሪክ እንጀራ አይሆንም› ትለኛለች። ሥራ ለቅቄ አርመን አገር፣ ዋና ከተማው ዬሬቫን ሄጄ ማስተርስ ልማር? ቋንቋውን አላውቅም። አርመን ስላልሆንኩስ ይቀበሉኛል?»

እህቴ፣ ከምክሩ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

በ16 ዓመቴ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገባሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነበሩ። የብር ሽቦ ያስጎትቱኝ ነበር። ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ያሉት ብረት አለ። ሽቦውን በአንዱ ታሾልኪና በጉጠት ይዘሽ ትጎትቻለሽ። ከዚያ በሚቀጥለው፣ ከዚያ በሚቀጥለው፣ ፀጉር እስኪያክል። መሀል ላይ ሲደድርብሽ በእሳት ታለሰልሺዋለሽ፤ አለዚያ ይበጠሳል። ሁለቱን ክር ገምደሽ፣ ጠፍጥፈሽ አበባ ታወጪበታለሽ። አንድ ቀን «ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው። «ሙሴ» አሉኝ። አርመናዊ አሠሪያቸውን ነው። ያኔ ፈረንጅ የመሰለ ሁሉ፣ ከፈረንሳይኛው «ሞስዬ» ተወስዶ፣ ሙሴ ይባል ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኩም። እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ ሽማግሌው ዐረፉ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

እናትሽ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማታ ኤምቢኤ የያዘ ካሸር ባንክሽ ውስጥ ስንት እንዳለ ቁጠሪ። ወረቀት ስለተጨመረ የሚከፈት ወንበር የለም። «እንጀራ አይሆንም» ያሉት ግን ግማሹ እውነት ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ስለ ሙዚቀኞቹ፣ ማንም ስልኩ ላይ ያገኛል። የልጆቹ የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት ብሔራዊ መዝሙር በ1923ቱ የንግሥ በዓል መሰማቱንም እንዲሁ። ያንን ደግመሽ ስላወራሽ ማንም አይከፍልሽም።

ስልክ ላይ የማይገኘው ሌላው ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ወርቅ ሠሪው ምኑን በምን ይሠራው ነበር? ለመሣሪያው ምን የሚል ስም አወጡለት? ሴቶቹ በአንዲት መርፌ ቋጠሮ በቋጠሮ የሚሠሩት ዳንቴልስ ከየት ይጀመራል? በ1950ዎቹ ከሺህ በላይ የነበረው ማኅበረሰብ ከደርግ ውርስ በኋላ ተበትኖ፣ ዛሬ መቶ እንኳ አይሞላም። ይህ የሚያውቀው ሰው ጋር አብሮ የሚሄድ እውቀት ነው። ዬሬቫን ያለው የጥንት ጽሑፎች ቤት፣ ማቴናዳራን፣ ብራናዎቹን ይዞ ከ10 ዓመት በኋላም ይጠብቅሻል። እዚህ ያሉት አዛውንት ግን አይጠብቁሽም።

ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። ደመወዝ ያለው ሰው ሲጠይቅ አይቸኩልም። ቅዳሜን ለወርቅ ሠሪ ስጪ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ተበታትነዋልና አጠያይቀሽ ፈልጊ። መጀመሪያ መጥረግና መላላክ ይኖራል፤ በዲግሪሽ እንዳታኮርፊ። እሑድ ወደ አርመኖቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቅ በይ። የመጀመሪያ ቀን ድምፅ አትቅጂ፣ ሰላምታ ብቻ። ሲለምዱሽ አስፈቅደሽ ቅጂ። ሁለት ዓመት ከታገሥሽ በእጅሽ የሚሸጥ ጉትቻ፣ በስልክሽ ሌላ ሰው ጋ የሌለ ድምፅ ይኖርሻል። ሙዚየም ስታመለክቺም፣ አስጎብኚ ልሁን ስትዪም፣ ዬሬቫን ስትጽፊም ይዘሽ የምትቀርቢው እሱን ነው። (ለእጅ ሙያ አደላለሁ፤ ከወርቅ ቤት የወጣ ሰው ነኝና ቀንሰሽ ስሚኝ።)

ቋንቋውን በቀስታ ትደርሺበታለሽ፤ ፊደሉ 38 ነው፣ አንቺ ሀሁን ከነዝርዝሩ የጨረስሽ ልጅ ነሽ። እዚህ ያረጁት ደግሞ አማርኛቸው ከኔም ይሻላል። አርመን አለመሆንሽንም ተይው። የሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን አባት የአርመን ዘር ነበሩ፤ ሥዕሉን የማን ነው ብለን መቼ ተጣላን?

ወርቅ ሠሪ ስታገኚ፣ ሽቦውን ከመንካትሽ በፊት ሙያውን ከማን እንደተማረ ጠይቂው። «ከሙሴ» ካለሽ፣ የትኛው ሙሴ በይው። ስሙን ለኔም ጻፊልኝ።