ክሪፕቲክ ክሮስወርድ ለመማር ኮርስ ልክፈል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ እንደምን ነሽ? ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ሊድስ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነሽ። በእረፍት ሰዓት የሥራ ጓደኞችሽ ጋዜጣ ላይ ተደፍተው ክሪፕቲክ ክሮስወርድ፣ ማለትም ፍንጩ በቃል ጨዋታ የተደበቀበትን የእንግሊዝኛ የቃላት እንቆቅልሽ፣ ይሞላሉ። አንቺ የፍንጩን ቃል ሁሉ እያወቅሽ አንዱም አይፈታልሽም። ስለዚህ ኦንላይን ያየሽው ኮርስ ላይ ልመዝገብ ወይ ነው ያልሽው።

አትመዝገቢ። ገንዘብሽን ያዢ። እኔ ለንደን አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ክሪፕቲክ የተማርኩት ጋራዥ ካንቲን ውስጥ፣ በሺፍት መሀል፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። የአንቺም ነገር ቁርጥ የእኔው ስለሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ከላይ «ይሄማ የኛው ቅኔ ነው፣ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሀበሻ ቀላል ነው» ብሎ የመለሰልሽን ወንድሜን ልቃወመው። ክፋት የለውም፣ ግን ሞክሮት እንደማያውቅ ያስታውቃል። ቅኔ ላይ ሰሙም ይፈለጋል፣ ወርቁም ይፈለጋል። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ቅኔው ወደቀ። ክሪፕቲክ ላይ ለፈቺው ሰሙ ወጥመድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሠርግ ያወራል፣ መልሱ ከሠርግ ጋር ምንም አይገናኝም። እኛ ደግሞ መመሰጥ እናውቅበታለን። ፍንጩን ደጋግመን አንብበን፣ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እያልን ስናብሰለስል የእረፍት ሰዓት ያልቃል። ሰውየው ምንም ለማለት አልፈለገም! ፊደል እየቆጠረልሽ ነው።

እንግዲህ፦

1. ጫፍና ጫፉን እዪ። የመልሱ ፍቺ ያለው ወይ ፍንጩ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ወይ መጨረሻው ላይ። መሀል አይገባም። የተረፈው ክፍል ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚናገር መመሪያ ነው። አንድ ቀላል ልስጥሽ፦ «ሰም ሂር ዚስ ፕላኔት»፣ አምስት ፊደል። (ሰም ያልኩት እንግሊዝኛዋን ነው፣ «ከፊሉ» የምትለዋን። ቅኔው ቀርቷል ብያለሁ።) ስታነቢው «አንዳንዶች ይህችን ፕላኔት ይሰማሉ» ይመስላል። እሱን ተይው። «ፕላኔት» ፍቺው ነው። «ሰም» ደግሞ ከሚቀጥሉት ሁለት ቃላት ከፊሉን ውሰጂ እያለሽ ነው። «ሂር ዚስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፊ። የመጀመሪያዋን ፊደልና የመጨረሻዎቹን ሁለት በጣትሽ ሸፍኚ። ምድር፣ «ኧርዝ»፣ መሀል ላይ ቁጭ ብላልሻለች።

2. አትስሚው፣ እዪው። ይሄኛው እኛን ከሌላው ሰው ይበልጥ ነው የሚያስቸግረን። ፊደል ቆጥረን ያደግን ሰዎች ቃል የሚመጣልን በድምፅ ነው። አንዷ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዛ ትመጣለች፣ የሰማነውን እንጽፋለን፣ አለቀ። ክሪፕቲክ ግን ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጠጠር ለቃቅመሽ እንድታገላብጪው ነው የሚፈልገው። «ሊስን ኬርለስሊ፣ ኪፒንግ ኳየት»፣ ስድስት ፊደል። «ኬርለስሊ» ማለት እዚህ ጋ «በግድየለሽነት በትኛቸው» ነው። «ሊስን» የሚለው ቃል ስድስት ፊደል አለው፣ ከነዚያ ውስጥ የማትሰማ አንዲት «ቲ» አለች። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው እንኳን ጠፍታለች፣ አየሽ? በጆሮ የሚሠራ ሰው አያገኛትም። ስድስቱን አቀያይሪያቸው፣ «ሳይለንት» ይወጣል፣ ዝም ያለ። ካንቲን ውስጥ ወረቀቱ ዳር ላይ ፊደሎቹን ክብ ሠርተው የሚጽፉት ለዚህ ነው። ለስዕል አይደለም።

3. የሚመላለሱትን ቃላት በደብተር ያዢ። «ፍላወር» ሲልሽ ወዲያው አበባ እንዳታስቢ። የሚፈስ ነገር («ፍሎ» መፍሰስ ነው)፣ ወንዝ ሊሆን ይችላል። አባይን «አፍሪካን ፍላወር» ብለው፣ አራት ፊደል ብለው ያመጡልሻል። (ወደ ኅብረ ቃል የሚጠጋው እንግዲህ ይሄ ነው፣ ወንድሜ እዚህ ላይ ይሁንልህ።) «ወርከር» ጉንዳን ወይም ንብ ነው። «ሴይለር» ኤ ቢ ነው፣ የመርከበኛ ማዕረግ ምህጻር። «ላቭ» ዜሮ ነው፣ በቴኒስ ምክንያት፣ ስለዚህ ኦ የምትባለዋ ፊደል ነው። የራስሽን ሙያ ደግሞ ተመልከቺ፦ «ነርስ» ሲል ወይ «ቴንድ» ነው፣ መንከባከብ፤ ወይ ኤስ ኢ ኤን ነው፣ ወይ ኤስ አር ኤን። እነዚህ የድሮ የነርስ ማዕረጎች ምህጻር ናቸው። ዛሬ ዋርድሽ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ የለም፣ ክሮስወርዱ ውስጥ ግን አሁንም ተረኛ ናቸው።

4. ክሪኬት፣ የእንግሊዞቹ የዱላና የኳስ ጨዋታ። የእሱ ቃላት ናቸው ያቃጠሉኝ። «ዳክ» ዳክዬ አይደለም፣ ዜሮ ነው። «ሜይደን» ልጃገረድ አይደለችም፣ ኤም ናት። «ኦን» ደግሞ እግር ነው፣ «ሌግ»! ለምን እግር እንደሆነ ያስረዳኝ አንድ ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ ቤተሰብ የመጣ ሽማግሌ ነጂ ነው። ለንደን ትራንስፖርት እ.ኤ.አ. በ1956 ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ ሠራተኛ መመልመል ጀምሮ ነበር፣ አባቱ በዚያ በኩል ነው የመጡት። ሰውየው ክሪኬት ሲያወራ ሻዩ ይቀዘቅዛል። የእሱ አስተማሪነት ግን ሌላ ነው። መልሱን ባውቀው እንኳ እንድጽፍ አይፈቅድልኝም ነበር። እስክሪብቶውን ይይዝና «ለምን?» ይላል። ፍቺው የት ነው? የተረፈውስ ምን እየሠራ ነው? የቀረ ትርፍ ቃል አለ? ሁሉም ቃል ሥራው ካልታወቀ አይጻፍም። እኔ ብሸመግልም ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላይም።

እዚህ ላይ ያንን ክበብ ሳልነግርሽ አላልፍም፣ ምክንያቱም ኮርስ ያልሽው ነገር ያው እሱ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ የሚሰበሰቡ የክሮስወርድ ወዳጆች ናቸው። የሄድኩት ካንቲን ያገኘሁትን ጨዋታ በሰፊው አገኛለሁ ብዬ ነው። ሰብሳቢው በር ላይ ተቀበለኝና «እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩ። ፊቱን አጨማደደ። «እንግዲህ ሞክረው» አለና የዓመቱን መዋጮ ተቀበለኝ። ገንዘቡን ሲቀበል ቋንቋ አልተቸገረም።

ከዚያ ሁሉም ለየብቻ አቀርቅሮ በሰዓት መሽቀዳደም ሆነ። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። መጨረሻ ላይ መልሱ ተነበበ። እጄን አውጥቼ 11 አግድም (ወደ ጎን የሚሞላው፣ ቁጥር 11 የተጻፈበት) ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሰብሳቢው «ወይ ይገባሃል ወይ አይገባህም» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ቀጥሎ ምን ቢያወራ ጥሩ ነው? በጃንዋሪ 1942 ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ሰዎችን ሰብስቦ በ12 ደቂቃ ክሮስወርድ እንዳስሞላ፣ ከተወዳዳሪዎቹም አንዳንዶቹ በኋላ ብሌችሊ ፓርክ የጠላትን ሚስጥራዊ መልእክት እንዲፈቱ እንደተጠሩ ተረከልን። ታሪኩ እውነት ነው፣ ጎበዞች ነበሩ። እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ 11 አግድም ነበር! በማግስቱ መዋጮዬን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። ደንባችን አይፈቅድም አሉ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። 11 አግድምን በነጋታው ያ የባርቤዶሱ ሰው ሻይ ሳይጨርስ አስረዳኝ።

ስለ ቋንቋ ካነሳን ደግሞ ይቺን ስሚ። አንድ ቀን ካንቲን ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶ ሁሉም ተቀምጧል። ፍንጩ የድሮ ንጉሠ ነገሥትንና ሞቅ ያለ መጠጥን የሚያነሳ ነገር ነው፣ አምስት ፊደል። ሁለተኛዋ ኢ፣ አራተኛዋ ዩ። አንዱ «ቪነስ» ነው አለ። ፊደሉ ይገባል፣ ግን ቪነስ ምኗ ንጉሥ ነው? ሽማግሌውም ጭንቅላቱን ያካል። እኔ ወረቀቱን ሳብ አደረግሁና ጻፍኩ፦ ንጉሥ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኒገስ» ተብሎ አለ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ ተፈትቶ። መጠጡን እኔም አላውቀውም ነበር። ለካስ ወይን በሙቅ ውሃና በስኳር የሚበጠበጥ ኒገስ የሚባል የድሮ የእንግሊዝ መጠጥ አለ። ስሙ የመጣው ፍራንሲስ ኒገስ ከሚባል ኮሎኔል ነው፣ ከእኛ ጋር ዝምድና የለውም። የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ግን ያን ቀን ካንቲኑ የእኔ ነበር። ያ ሰብሳቢ አጠገቤ በነበረ!

ስለዚህ እዚህም ቤት አለን ማለት ነው። «ኢትዮጵያን ፕሪንስ» ካለሽ ራስ ነው፣ ሦስት ፊደል። ብቻውን ብዙ አይመጣም፣ ረጅም ቃል ውስጥ ነው የሚሰነቅሩት። «ግራስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ መሀሉን እዪው። ብርም አለ፣ ጤፍም አለ። ቻምበርስ የሚባለውን መዝገበ ቃላት ከላይብረሪ ተዋሺ፤ የክሮስወርድ ሰዎች የሚምሉበት እሱ ነው።

የቱን ልጀምር ላልሽው፣ ቅዳሜን ተይ። የዘ ጋርዲያን ጋዜጣ የቅዳሜው የሽልማት የሚባለው ነው፣ መልሱን ወዲያው አያሳይሽም። የሰኞው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ድረ ገጹ ላይም አንዲቷን መልስ ብቻ የምትገልጪበት ቁልፍ አለው። እዚያው ከ2024 ጀምሮ የሚወጣ ለጀማሪ የተዘጋጀ ክዊክ ክሪፕቲክ አለ፣ የትኞቹን የፍንጭ ዓይነቶች እንደተጠቀመ አስቀድሞ ይነግርሻል። ዘ ታይምስም ከ2014 ጀምሮ አነስ ያለ አለው፣ እሱ ግን ይከፈልበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መልሱን ግለጪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሥሪ። ለምን ይሄ ሆነ በይ። አታፍሪ፣ ማጭበርበር አይደለም። መልሱን እያወቅሽ ፍንጩን የምትበትኚው ለራስሽ ነው።

ሌላው፣ የአዘጋጁን ስም ተመልከቺ። ዘ ጋርዲያን ላይ የብዕር ስማቸው ይታተማል። ጠባያቸውን ስትለምጂ ግማሹ ሥራ አለቀ። አራውካሪያ የሚባል ነበረ፣ እውነተኛ ስሙ ጆን ግራሃም፣ ቄስ ነው። በጃንዋሪ 2013 የወጣው ክሮስወርዱ ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዳለበት በመልሶቹ ውስጥ አድርጎ ለአንባቢዎቹ ነገራቸው። እኛ ካንቲን አንዱ ነጂ «ካንሰር» የሚለው ሲወጣለት ተሳስቻለሁ ብሎ ሰርዞት ነበር። ሰውየው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ92 ዓመቱ አረፈ። አንቺ በሙያሽ በሽተኛ እንዴት እንዴት አድርጎ እንደሚናገር ታውቂያለሽ፣ እንደዚህ ሲነገር ግን ሰምተሽ የምታውቂ አይመስለኝም።

የሥራ ጓደኞችሽን በሚመለከት፣ እርሳስ ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። መልሱን አትጠይቂ፣ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። ደህና ሰዎች ከሆኑ ማስረዳት ይወዳሉ፣ እንዲያውም አያቆሙልሽም። ካላስረዱሽ ፍንጩን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ እኔ አለሁ። ማታ ተረኛ ስለሆንኩ መልሴ ቢዘገይ አትቀየሚ። ክሪኬት ያለበት ከሆነ ግን እስከ ጠዋት ጠብቂ፣ ሽማግሌውን መጠየቅ አለብኝ። «ጉግሊ» ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።