የሸክላ ፍጥነት፦ 45 ወይስ 33? ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ አንድ ዘፈን በትንሹ ባለ 45 ሸክላም በትልቁ ባለ 33ም አገኘሁ። የቱን ልግዛ?

ቁጥሩ ሸክላው በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ በትልቁ ሸክላ ላይ ስንተኛ እንደሆነ እይ። በመርፌው ሥር በሰከንድ የሚያልፈው ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት ጭረት) በረዘመ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ፣ የመሰንቆው ጫፍና የሳክስፎኑ ትንፋሽ፣ ጠርቶ ይወጣል። ትልቁ ሸክላ ዳር ላይ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳልፋል፤ መሀል ሲደርስ ግን ወደ 21 ይወርዳል። ትንሹ ከ40 ጀምሮ 25 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ዘፈኑ የገጹ መጨረሻ ከሆነ 45ቱን ያዝ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ትልቁ አያሳፍርህም፤ ደግሞም ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትነሳ ታደምጣለህ። ቡና ላይ ለተቀመጠ ሰው በየአራት ደቂቃው መነሣት ይሰለቻል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከአሜሪካ የተላከልኝን ማጫወቻ በትራንስፎርመር ወደ 110 አውርጄ ሰካሁት። ዘፋኙ ሁሉ ጎርናና ሆነ፤ ዘፈኑም ይንቀረፈፋል።

ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመታበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። የእነሱ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሞተሩ የመብራቱን ምት ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሄዳል፤ 33⅓ው ወደ 27.8፣ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርዳል። ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው በ33 ያዙሩትና በስልክዎ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቁጠሩ። 100 ዙር መሆን አለበት፤ 83 ገደማ ከሆነ ጥፋቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ከሞተሩ ጫፍ ያለውን ፑሊ (ቀበቶው የሚጠመጠምበትን ትንሽ መዘውር) ለ50 ሄርዝ በተሠራ፣ 20 በመቶ ያህል በወፈረ መቀየር ነው። ካላገኙ ጥሩ ቶርኖ ቤት ያወጣልዎታል። ፑሊው ላይ ፕላስተር መጠቅለል ግን ይቅርብዎ፤ ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ድምፁ ይዋዥቃል። ሞተሩ በዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ፣ ምት በሌለው ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎኑን ይፈልጉ።

ከባሕር ዳር፦ ዙሩ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ይወዛወዛል።

በየዙሩ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በ33 በየ1.8 ሰከንዱ ከሆነ፣ የሸክላው ቀዳዳ መሀሉን ስቷል ወይም ሸክላው ጎብጧል። ሥርዓት ከሌለው የጎማ ቀበቶው ላልቷል ወይም ፑሊው ቅባት ይዟል። ፑሊውን በአልኮል ጥረጊው፤ ቀበቶው ከላላ ግን ከመለወጥ ሌላ መላ የለውም።

ከሞጣ፦ የአያቴን ባለ 78 ሸክላ በዚሁ መርፌ ልስማው?

አይሆንም። የ78 ቦይ ሰፊ ስለሆነ ተራው መርፌ ከሥሩ ወርዶ ቆሻሻውን ይጭራል፤ ጫፉ 75 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ የሆነ መርፌ ያስፈልገዋል። በአልኮል ደግሞ እንዳትጠርገው፤ የድሮውን 78 ያሟሟዋል።

ከዳንግላ፦ መነሣት ሰለቸኝ፤ 45ቶቼን ፍላሽ ላይ ልቅዳ?

ቅጂ፣ ግን በትክክለኛው 45 እያዞርሽ። በ33 ቀድቶ በኮምፒውተር ማፍጠን የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ ሚዛን ያዛባል። ዋናውን በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዝ ፋይል) አስቀምጪው፤ ለስልክሽ ከእሱ ኤምፒ3 ታወጫለሽ።