የፔጆዋን ጀርባ አትንኩባት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ትቶልን የሄደው ነጭ ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን ጎላ ሚካኤል አካባቢ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ሞተሯ ይነሳል፣ ቦዲዋ ግን ዝጓል። ላሠራት ወስኛለሁ። ወንድሜ ግን «የሬሳ መኪና ነው የምትመስለው። ጥቁር ቀብተን፣ ዝቅ አድርገን፣ ሰፊ ጎማ እንግጠምላት። ፖርቶመጋላውም ይነሳ» ይላል። ባትላሜራውም ከሱ ጋር ሆኗል። እውነት መልኳ አያምርም? ምኗን ላሠራ፣ ምኗን ልተው?
*የአባቷ ልጅ*

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። መኪናዋ ታምራለች። በጣም ታምራለች!

አውቶሞቢሏ 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ስትወጣ መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ስቴሽን ዋገኗ በ1971 ተከተለች። ብዙ ሰው ከኋላዋ ቆርቆሮ የተቀጠለባት አውቶሞቢል ትመስለዋለች። አይደለችም። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ራሱ ከ2.74 ሜትር ወደ 2.90 ሜትር አድጓል። መልኳን ያዳነው ይህ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። የተጨመረው ቦታ ሁሉ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ቢንጠለጠል ኖሮ ጅራቷ የከበዳት ትመስል ነበር። አሁን ግን ከጎን ስታያት ርዝመቷ ሚዛን አለው። ጣራዋ ወደ ኋላ ትንሽ ከፍ ይላል። ለምን? ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላቱ እንዳይነካ፣ ዕቃም እንደ ልብ እንዲገባ። እኔ የምወደው ይህንን ነው። መስመሩ ለሥራ ተብሎ የመጣ ነው፣ ግን ያምራል።

ወንድምሽ ዝቅ ትበል ያለውን በፍጹም አትስሚው። ስቴሽኗ ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ድፍን አክሰል አላት። በእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ሁለት ሁለት ሞላ። ለጭነት ነው የተሠራችው። ባዶዋን ስትቆም ከኋላ ቀና የምትለውም ለዚህ ነው። ሞላው ከተቆረጠ ቁመናዋም ጉልበቷም አብሮ ይሄዳል።

«የሬሳ መኪና» የሚለው አነጋገር ያሳዝነኛል። ስንቱን ቤተሰብ አብረው ያሳደጉ መኪኖች ናቸው! መሃል ልጆች፣ ከኋላ የበዓል በግ፣ ጣራ ላይ ፍራሽ። ነጭ እንደሆነች የቤተሰብ መኪና ናት። ጥቁር ከተቀባች ግን ወንድምሽ የሚሸሸውን መልክ ራሱ ያመጣባታል። ሌላም ምክንያት አለ። ጎኗ ረጅም ነው። ጥቁር ቀለም ደግሞ የቆርቆሮውን እጥፋትና ሞገድ ሁሉ ያሳብቃል። በነጭ ቅቢያት።

ፖርቶመጋላው ይቆይ። ቀጫጭኑ ጎማ ይቆይ። የፊት መብራቷን በዘመነኛ ነጭ አምፖል እንዳይቀይሩብሽ። ከፊት ወንበር ኋላ ሁለት ረድፍ ወንበር ካላት፣ ፋሚሊያል የምትባለዋ ናት ማለት ነው። ሦስተኛውን ወንበር ማንም አውጥቶ እንዳይጥለው።

ገንዘብሽን ዝገቱ ላይ አውጪ። የኋላ በሯን የታችኛውን ጠርዝ፣ የኋላ ጎማ ቅስቱን፣ የጎን መስታወቶቹን ሥር፣ የጣራውን ቦይ አሳዪ። የዛገው ይቆረጥና በአዲስ ላሜራ ይበየድ። በስቱኮ ብቻ ሸፍነው ከሰጡሽ አንድ ክረምት አይሻገርም። የመስታወት ጎሚኒ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ በቃል ብቻ ከጠየቅሽ የአውቶሞቢሏን ይሰጡሻል። ባትላሜራው አሁንም እንቢ ካለ ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ቸርችል ጎዳና ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር እንጨቃጨቃለን። ቮልቮ 240 ስቴሽን ነው የሚያምረው ወይስ መርሴዲስ 123?
*ከፖስታ ቤት ጀርባ*

መልስ፦ በመልክ መርሴዲስ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ ታየች፣ በተከታዩ ዓመት ብሬመን ፋብሪካ መመረት ጀመረች። ከዚያ በፊት መርሴዲስ በራሱ ፋብሪካ መደበኛ ስቴሽን ዋገን አልሠራም ነበር። ጣራዋ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፣ የኋላ መስታወቷም ዘመም ብሎ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያ ሙከራ እንዲህ ሲያምር ብዙም አላየሁም።

ቮልቮ ከ1974 እስከ 1993 ተመርታለች። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው ለማለት ይቻላል። ጓደኛህ «ሳጥን» ቢላት አልፈርድበትም። ግን ማቀዝቀዣ የሚያህል ዕቃ አስገብተህ በሩ የሚዘጋልህ በዚያ ቀጥተኛነት ነው። ለሥራ ከሆነ እሷን ምረጥ።

መርሴዲሷን ለመግዛት ካሰብክ ከኋላ ዝቅ ብላ መቆም አለመቆሟን ተመልከት። ጭነት ሲበዛ ከኋላ ቁመቷን ራሷ የምታስተካክልበት በዘይት የሚሠራ ሲስተም አላት። ሻጩ «ሞላዋ ደክሞ ነው» ቢልህም የዘይቱን መስመር ሳታስፈትሽ ቀብድ አትስጥ።