የድሮ ሥዕል አትሞ ለመሸጥ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ለጎብኚዎች ኩባያና የጨርቅ ቦርሳ እሸጣለሁ። ከኢንተርኔት ያገኘኋቸውን የጀርመናዊው አሳሽና የወፍ ተመራማሪ የሆይግሊን የወፍ ሥዕሎችና ልጅ ሆኜ ከተማርኩበት የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ሥዕሎችን ላትም አስቤአለሁ። መጽሐፉ የራሴ ነው፤ ሁሉም የድሮ ናቸው። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ወፎቹን ያትሙ፤ የመማሪያ መጽሐፉን ግን ለጊዜው ይተዉት። መጽሐፉን ሲገዙ የገዙት ወረቀቱን እንጂ ሥዕሉን የማባዛት መብት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ መብት ሠዓሊው በሕይወት እስካለ የእሱ ነው፤ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። የሚቆጠረው እንግዲህ ሥዕሉ ከተሠራበት ሳይሆን ሠዓሊው ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው ባለቀለም መስታወቶች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሠዓሊው ያረፉት ግን በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2054 ይዘልቃል።

ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን የሞተው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም ሕግ፣ 70 ዓመት በሚቆጥሩት የአውሮፓ አገሮችም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። መጠንቀቅ ያለብዎት ከየት እንደሚያወርዱት ነው። በቅርቡ አንድ ሰው እንደገና የሣለው ወይም ቀለም የቀባው ከሆነ፣ ለጨመረው የፈጠራ ሥራ የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ እንደ ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ ካሉ፣ ዋናውን መጽሐፍ ከነርዕስ ገጹ ስካን አድርገው ከሚያስቀምጡ ቤተ መጻሕፍት ያውርዱ፤ የመብት መግለጫቸውንም ያንብቡ። የርዕስ ገጹን፣ ያወረዱበትን ቀንና የሠዓሊውን የሞት ዓመት አንድ ፎልደር ውስጥ ያኑሩ። ጠያቂ ሲመጣ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ኩባያው ዙሪያውን 20 በ9.5 ሴንቲ ሜትር የሚታተም ከሆነ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2,360 በ1,120 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አይደርስም፤ የላባው ቀጫጭን መስመር እርስ በርሱ ተያይዞ እድፍ ይመስላል። የአሮጌው ወረቀት ቢጫ መደብም ካልጸዳ ነጩ ኩባያ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ጎልቶ ይታያል።

ወደ መማሪያ መጽሐፉ ስንመለስ፣ የውስጥ ገጹ ላይ የሠዓሊና የአሳታሚ ስም ይፈልጉ። ሠዓሊው ተቀጥሮ የሠራው ከሆነ፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር መብቱ የአሠሪው ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «እሺ» መባል አይበቃም። የትኛው ሥዕል፣ በምን ዕቃ ላይ፣ ስንት ቅጂ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ብር የሚለው ሁሉ ይጻፍ። ስም አልተገኘም ማለት ባለመብት የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁትን የ1965 ዓ.ም. የሠርግ ፎቶ ቦርሳ ላይ ማተም እችላለሁ?

መልስ፦ የፎቶግራፍ ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ስለሆነ የፎቶ አንሺው መብት አልቋል። የሙሽሮቹ ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ሰዎቹን ማግኘት ካልቻሉ ፊት የማይለይበትን ክፍል ብቻ ይውሰዱ፦ ቀለበት ያደረጉትን እጆች ወይም የቀሚሱን ጥልፍ።