ልቤ እሺ ይላል፣ አእምሮዬ ይከለክለኛል

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ የማስተምር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ደብረ ብርሃን ስማር ጀምሮ የማውቀውና አሁንም በዚያው ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሊያገባኝ ይፈልጋል። እናቴ ታማ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ከእኔና ከወንድሞቼ እኩል አስታምሟታል፤ ለመድኃኒቷም ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ እንደ ከፈለ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያገኘውን የተሻለ ሥራም ከእኔ ላለመራቅ ሲል ትቶታል። እወደዋለሁ። ነገር ግን ከእኔ ሌላ ሐሳብ የሌለው መሆኑ ያስፈራኛል፤ ስልክ ሳላነሣ ከዋልኩ ሥራውን ጥሎ ያን ሁሉ መንገድ ተሳፍሮ ይመጣል። አሁን ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። እርሱ በቁርባን እንጋባ ይላል፤ እናቴም «እንዲህ የሚወድሽን ከየት ታገኛለሽ?» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰውየው እንደሚወድሽ፣ አንቺም እንደምትወጂው ደብዳቤሽ በግልጽ ይናገራል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ጊዜ አናጠፋም። በእኛ አስተያየት ያስፈራሽ የፍቅሩ ብዛት ሳይሆን፣ አንቺን የሚመለከተውን ነገር ሳይጠይቅሽ መወሰኑ ነው።

የዘረዘርሻቸው ውለታዎች በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም። ሕመምተኛን ማስታመም የሰውን ጠባይ የሚያሳይ ሥራ ነውና እናትሽ ብትወደው አይፈረድባትም፤ እርሷ ያየችው መልካሙን ገጽታውን ነው። ሳይነግርሽ መበደሩ ግን፣ ቅንነት ቢኖርበትም፣ ከተጋባችሁ በኋላ የቤት ጉዳይ እንዴት ሊወሰን እንደሚችል አስቀድሞ ይጠቁማል፤ የባልና የሚስት ደመወዝ ከጋብቻ በኋላ የጋራ ሀብት ስለሚሆን፣ በየወሩ የሚቆረጥበት ብድር ያን ጊዜ የአንቺንም ኑሮ ይነካል። የተወው ሥራ ደግሞ ያልጠየቅሽው ባለዕዳነት ነው፤ ነገ በሆነ ቅሬታ መካከል «ለአንቺ ስል» ተብሎ ሊነሣ ይችላል። ከሁሉ የከበደን ግን ስልክ ባለማንሣትሽ ሥራውን ጥሎ መምጣቱ ነው። ክፍል ውስጥ ቆማ የምታስተምር ሴት ስልክ ባታነሣ የሚገርም ነገር የለውም፤ ይህን ያልታገሠ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚታገሥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ቀጠሮው ሳያልቅ ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ከወንድሞችሽ ጋር ተመካክራችሁ፣ በአንድ ጊዜ ባይሆን እንኳ ቀስ በቀስ፣ ለእናታችሁ መድኃኒት የተበደረውን ገንዘብ መመለስ ጀምሩ፤ ለሽማግሌዎቹ የምትሰጡት መልስ የውለታ ክፍያ መሆን የለበትም። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሄደሽ፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ የማይወደውን ነገር ንገሪው፦ በሥራ ሰዓት ስልክ እንደማታነሺ፣ ሳይነግርሽ መምጣቱ እንደሚያስጨንቅሽ፣ ያለበትን ዕዳ በሙሉ ማወቅ እንደምትፈልጊ። የሚመልስልሽን ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚያደርገውንም ተመልከቺ። ደንግጦ፣ ተከፍቶም ቢሆን ራሱን ካረመ፣ ልብሽ ያየው ሰው በእርግጥ አለ ማለት ነው።

ቁርባኑን በተመለከተ፣ በሰማንያ እንደሚደረገው ጋብቻ ሳይስማሙ ቢቀሩ ተካፍሎ የሚለያዩበት ስላልሆነ፣ ጥርጣሬ ይዘሽ አትግቢበት፤ ከንስሐ አባትሽም ጋር ተመካከሪ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል፤ የአባትሽ ቀጠሮ ፈቃድሽን አይተካም።

ቀጠሮ የሚሰጠውም ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንዲቆጥር፣ የሰውየው አኗኗር እንዲጠየቅ ነው፤ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ደጋግመው ቢመላለሱ እንደ ነውር አያዩትም። ጊዜው ካነሰሽ አባትሽ ቀጠሮውን እንዲያራዝም፣ ምክንያቱንም ሳትደብቂ፣ ለምኚው። ሰውየው ይህን ሰምቶ በትዕግሥት ከጠበቀ መልካም። «ያለ አንቺ መኖር አልችልም፣ ዛሬውኑ ወስኚ» ብሎ ካስጨነቀሽ ግን፣ የቱንም ያህል ብትወጂው፣ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት እንዲሰናበቱ ለአባትሽ ንገሪው።