ከባቡር ሰሌዳ እስከ ንግሥት ሂሚኮ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጃፓናዊው ሴይቾ ማትሱሞቶ ከጋዜጠኝነት ወደ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ፣ ከዚያም ወደ ጥንታዊ ታሪክ የተሻገረ ጸሐፊ እንደሆነ አነበብሁ። በእርግጥ ጋዜጠኛ ነበር? ልብ ወለድ ጸሐፊ የሆነ ሰውስ ስለ ጥንታዊ ታሪክ የሚናገረው እንዴት ይታመናል? (አንባቢያችሁ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ማትሱሞቶ በአሳሂ ሺምቡን ጋዜጣ መሥራቱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ዜና መዘገብ ሳይሆን በኪዩሹ ደሴት፣ በኮኩራ ከተማ በነበረው ቅርንጫፍ የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ መንደፍ ነበር። በ1909 ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ሥራ የገባና የማተሚያ ቤት ሙያ የተማረ ሰው ነው። የአኩታጋዋን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው በ1953፣ በ43 ዓመቱ ሲሆን፣ ጋዜጣውን የለቀቀው በ1956 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የሚመለሰው በአሠራሩ ነው። በ1957 በአንድ የጉዞ መጽሔት በተከታታይ መውጣት በጀመረው «ነጥቦችና መስመሮች» በተባለው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዱ ውስጥ፣ በቶኪዮ ጣቢያ ቁጥር 13 መሳፈሪያ ላይ የቆመ ሰው በቁጥር 15 የሚሳፈሩትን መንገደኞች ሌላ ባቡር ሳይጋርድበት ሊያይ የሚችለው፣ በእኛ ሰዓት ከ11፡57 እስከ 12፡01፣ ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው። ኋላ ሞተው የተገኙት ወንድና ሴት አብረው ሲሳፈሩ የታዩት በዚህች ጠባብ ጊዜ መሆኑ መርማሪውን ያጠራጥረዋል፤ ምስክሮቹንስ ልክ በዚያች ሰዓት እዚያ ያቆማቸው ማን ነው?

ይህንኑ ጥርጣሬ በ1960ዎቹ መገባደጃ «ኮዳይሺ ጊ» (በጥንታዊ ታሪክ ላይ ያሉ ጥርጣሬዎች) በተባለው ሥራው ወደ ጥንታዊ ታሪክ አመጣው። በሦስተኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የቻይና ዜና መዋዕል፣ ሂሚኮ የምትባል ንግሥት የምትገዛውን ያማታይ የተባለ አገር ይጠቅሳል፤ መንገዱንም ሲናገር መጀመሪያ ሊ በተባለው የቻይና የርቀት መለኪያ ርቀቱን ይቆጥርና መጨረሻ ላይ «በባሕር አሥር ቀን፣ በየብስ አንድ ወር» ይላል። ወደ ደቡብ የሚለው አቅጣጫና እነዚህ ቁጥሮች እንዳሉ ከተወሰዱ መንገደኛው ከኪዩሹ አልፎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሊቃውንት «ደቡብ» የሚለውን «ምሥራቅ» ብለው አርመው አገሪቱን ከኪዩሹ በስተምሥራቅ በሚገኘው በናራ አካባቢ ሲያደርጓት፣ ሌሎቹ ቀኑን ወይም ርቀቱን አሳጥረው በኪዩሹ ያስቀምጧታል። ማትሱሞቶ ኪዩሹ ነው ካሉት ወገን ነው፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን ከማረም ይልቅ ቁጥሮቹን ራሳቸውን እንደ ምስክር ቆጥሮ ጠየቃቸው፤ ሦስት፣ አምስትና ሰባት እየተደጋገሙ መምጣታቸውን አይቶም፣ ተለክተው የተገኙ ሳይሆኑ በቻይናውያን የቁጥር እምነት የተቀመሩ ናቸው አለ።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ውለታው ይህ ነው፤ ለኪዩሹ ያቀረበው ክርክር የማያሳምነው አንባቢ እንኳ ከእርሱ በኋላ እነዚያን ቁጥሮች እንደ ቀላል ነገር አያልፋቸውም። የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ ሰው ሰነድን እንዲህ አጥብቆ መጠየቁ ብቃቱን ከማንኛውም ማዕረግ በላይ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ያው ዜና መዋዕል ዌይ የተባለው የቻይና መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ለሂሚኮ አንድ መቶ የነሐስ መስታወትና የወርቅ ማኅተም እንደሰጣት ይመሰክራል፤ የጥንት የነሐስ መስታወቶች በጃፓን መቃብሮች ውስጥ በብዛት ሲወጡ፣ የአገሪቱን ቦታ ሊጠቁም የሚችለው ማኅተም ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።