ግሪኑን የጠማው ውሃ አይደለም

የቨርጂኒያው ወንድሜ፣ የጎልፍ ሜዳችሁ ግሪን፣ ማለትም ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበት አጭር ሣር፣ ቤንትግራስ የሚባለው ሣሩ ጠዋት ውሃ ጠጥቶ ከሰዓት ይጠወልጋል፣ ሲረግጡት ተኝቶ ይቀራል፣ ውሃ ስትጨምሩ ደግሞ ላዩ ላይ ይተኛል ብለሃል። አለቃህ "ጨምሩ" ይላል። ተው፣ አትጨምሩ።

እኔ የጠረጠርኩት አሸዋውን ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው የልስን አሸዋ አልብሶታል ስትል ነው የነቃሁት። ቀዳዳ መቁረጫውን ይዘህ ከታመመው ቦታ አንድ ቁራጭ ከነሣሩ አውጣ። ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ካየህ፣ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ፣ አገኘነው።

የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ንከርና አግድም ያዘው። ተንጠባጥቦ ያቆማል፣ ውስጡ ግን ገና ውሃ አለ፤ አቁመህ ብትይዘው እንደገና ይፈሳል። ውሃ ከደቃቅ አሸዋ ወደ ሻካራው ዝም ብሎ አይወርድም፣ ላይኛው ጢም ብሎ ክብደቱ እስኪገፋው ድረስ ድንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ደህና የተሠራ ግሪን ይህንኑ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፦ 30 ሴንቲ አሸዋ፣ ከሥሩ 10 ሴንቲ ጠጠር። እዚያ ውሃው የሚንጠለጠለው ታች ነው። የእናንተ ግን ደቃቁ የልስን አሸዋ ላዩ ላይ ስለሆነ፣ ውሃው የሚንጠለጠለው ሥሩ አፍንጫ ላይ ነው። አየር ያጣ ሥር ይሞታል፣ ሥር የሌለው ሣር ደግሞ ውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል።

አሁን ጁላይ ነው፣ ትልቁን መብሳት አትሞክር። በመብሻ ማሽኑ 6 ሚሊ ድፍን ጥርስ ማለዳ ብቻ ብሳው፣ ማጨጃውን ከ3 ወደ 4 ሚሊ ከፍ አድርግ፣ ከሰዓት ቅጠሉን ለማቀዝቀዝ ያህል ትንሽ ውሃ እፍ በልበት። ኦገስት መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ አፈር በሚያወጣው በ12 ሚሊ ክፍት ጥርስ፣ በየ5 ሴንቲው፣ ከጥቁሩ መስመር አልፈህ ብሳ። የወጣውን አፈር ጥረግና ቀዳዳውን በደረቅ አሸዋ እስከ አፉ ሙላ። አሸዋው ከሥረኛው ጋር የሚመሳሰል ይሁን፤ ሳትገዛ የሁለቱንም ናሙና ላቦራቶሪ ላክ። የግንበኛ አሸዋ ዳግመኛ እንዳላይ!

ርካሽ ጥርስም አትግዙ። ቶሎ ተበልቶ ያጥራል፤ አንተ 8 ሴንቲ ገባሁ ስትል እሱ 5 ላይ ነው።

ጥርሱ በአፈር ሲደፈን መጀመሪያ ሞተር አጥፋ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። "ለአንዲት ሰከንድ ነው" የሚል ሠራተኛ ካለ ከማሽኑ አውርደው። ሞተር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ገመዱን ንቀል።

መስመሩም ሽታውም ከሌለ ግምቴ ስቷል ማለት ነው። የቁራጩን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ።